ኖራ፣ ጀሶና ካላማዳሪ

አዳማ ላይ ጳጉሜ ሲገባ የቀለም ሱቅ ደጃፍ መቆሚያ ይጠፋል። ሰው ሁሉ እንቁጣጣሽን በአዲስ ግድግዳ መቀበል ይፈልጋል፤ ባልዲው፣ ሮለሩና የጀሶው ፌስታል ባጃጅ ላይ ተጭኖ ወደየሰፈሩ ይገባል። መስከረም ሲጠባ ቤቱ ሙሽራ ይመስላል። ጥር ላይ ግን ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መገሽለጥ ይጀምራል፤ ከሥሩም ነጭ ዱቄት ይራገፋል። የቤቱ ባለቤት “ውሃ የበዛበት ቀለም ሸጡልኝ” ብሎ ሻጩን ያማል።

ሻጩ ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ነው። ጥፋቱ የቀኑ ነው። ግድግዳው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከላይ በዝናብ፣ ከታች በመሠረቱ በኩል ውሃ ሲጠጣ ከርሟል። ጳጉሜ ላይ በእጅ ሲነካ ደረቅ ይመስላል እንጂ ሆዱ ገና እርጥብ ነው። ፕላስቲክ ቀለም ግድግዳውን ስስ ልባስ ያለብሰዋል፤ ውስጥ የቀረው ውሃ በበጋው ሙቀት ተስቦ ሊወጣ ሲል ከዚያ ልባስ ጋር ይጋጫል፣ መውጫ ሲያጣም ገፍቶ ይልጠዋል። ያው ባልዲ፣ ያው ቀለም ኅዳር መጨረሻ ላይ ቢቀባ ኖሮ ዓመታት ይቆይ ነበር። “ለበዓል ያልተቀባ ቤት ቤት አይመስልም” የሚል ካለ ደግሞ (የማይል የለም ማለት ይቻላል) ለእሱም መላ አለው፦ ለእንቁጣጣሽ ኖራ፣ ለገና ፕላስቲክ ቀለም። ምክንያቱ ወደኋላ ይመጣል።

የዚህ ምዕራፍ ቤት ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ፣ ከመተሐራ እስከ ባቱ በየመንደሩ ያለው ቤት ነው። ሁለት ክፍል፣ ምናልባት ከጓሮ የተለጠፈች ማዕድ ቤት፤ ግድግዳው ብሎኬት ወይም ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሊሾ፣ በሩና መስኮቱ ላሜራ፣ ኮርኒሱ ተሰፍቶ የተወጠረ የማዳበሪያ ጆንያ። ለእንዲህ ያለ ቤት ግንበኛ በየወሩ አይጠራም። አብዛኛው ጥገና በባለቤቱ እጅ፣ በቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሊያልቅ የሚችል ነው፤ ቅደም ተከተሉን ለጠበቀ ማለት ነው። ከጣሪያ ይጀመራል፣ ቀለም የመጨረሻው ነው።

ወደ ሥራው ከመገባቱ በፊት ስለ ቃላቱ አንድ ነገር። ኮርኒስ፣ ጀሶ፣ ሊሾ፣ ስቱኮ፣ ዞኮሎ፣ ላሜራ፣ ፌሮ፣ ሞራሌ፣ ሊስቴሎ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፦ የአማርኛ ተናጋሪ ቤቱን ሲጠግን ሳያውቀው ግማሹን በጣሊያንኛ ያወራል። የመኪናና የብስክሌት ጎማ ውስጥ የሚገባው ካላማዳሪ እንኳ “የአየር ክፍል” የሚል የጣሊያንኛ ስም ነው። ጭቃ፣ ማገር፣ ጭድ፣ ምርጊት፣ ልቅለቃ፣ ኖራ ደግሞ የራሳችን ናቸው። የቤት ዕቃ ሱቅ ውስጥ ሁለቱ የቃል ዘሮች ጎን ለጎን መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ፤ ጎበዝ ጠጋኝም ሁለቱንም እንደየቦታቸው ይጠቀማል።

የአዳማ ነፋስ የታወቀ ነው። ከከተማው ዳር ባሉት ኮረብቶች ላይ የቆሙት የነፋስ ተርባይኖች ምስክር ናቸው፦ በአዳማ አንድ 34፣ በአዳማ ሁለት 102፣ ሁለቱ ተደምረው 204 ሜጋዋት እንዲያመነጩ የተተከሉ። ያንን ሁሉ ብረት የሚያዞር ነፋስ የቆርቆሮ ጣሪያንም ዝም አይለውም። ቆርቆሮውን ከሥሩ እየገባ ያነሳዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ እንደገና ያነሳዋል። በየዓመቱ ሚስማሩ በጥቂቱ ይሳባል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከሚስማሩ ራስ ሥር ያለችው ጎማ በፀሐይ ደርቃ ትሰነጠቃለች። ሐምሌ ላይ “ቤቱ ማፍሰስ ጀመረ” የሚባለው የበጋው ነፋስ የሠራው ሥራ ሲታይ ነው።

የሚያፈስ ቦታ ፍለጋ የሚወጣው በዝናብ ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ ነው። ኮርኒሱ በአንድ ጥግ ይፈታና አንድ ሰው ራሱን ወደ ጨለማው ያስገባል፤ በሩና መስኮቱ ይዘጋል። ዓይን ጨለማውን ሲለምድ ጣሪያው በትንንሽ ኮከቦች ይሞላል። እያንዳንዱ ኮከብ ቀዳዳ ነው። በጠመኔ ይከበባል፣ ከግድግዳው ያለው ርቀት በስንዝርም ቢሆን ይለካል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ላይ የሚወጣው። አንድ ማሳሳቻ አለ፦ ውሃ በቀዳዳው ገብቶ ሞራሌውን ተከትሎ ሊሄድ ስለሚችል ኮርኒሱ ላይ የሚታየው ቡናማ ክብ ከእውነተኛው ቀዳዳ አንድ ሜትር ሊርቅ ይችላል። የዚያን ክብ አናት ብቻ እየለጠፉ ለዓመታት የሚያፈስ ቤት ውስጥ የሚኖሩ አሉ።

ላይ ሲወጣ እግር የሚቀመጠው ሚስማር በተመታበት መስመር ብቻ ነው፤ ሞራሌው ያለው እዚያ ነውና። በሁለት ሞራሌ መካከል የተረገጠ ስስ ቆርቆሮ ይጎብጣል፣ አዲስ ማፍሰሻም ይሆናል። ቆርቆሮ የሚሸጠው በጌጅ ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ብረቱ ይሳሳል፣ ስለዚህ 35 ጌጅ ከ28 በጣም ቀጭን ነው። ብዙ ገዢ ይህን በተቃራኒው ይረዳዋል። የላላ ሚስማር እዚያው ተመልሶ አይመታም፤ ይነቀልና ከጎኑ፣ ቆርቆሮው ካበጠበት ጉብታ ላይ፣ ጎማ ያለው አዲስ ሚስማር ይመታል። በጎድጓዳው ላይ የተመታ ሚስማር የውሃ መንገድ ላይ የተቀመጠ በር ነው። አሮጌው ቀዳዳ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ፣ አቧራው ተጠርጎ፣ በሬንጅ የተነከረ የጨርቅ ቁራጭ ይለጠፍበታል፤ በላዩም ሌላ ሬንጅ ይደገማል። ከግንቦት አጋማሽ በፊት ያለቀ የጣሪያ ሥራ ከዝናብ ጋር እሽቅድምድም አይኖረውም። አሸንዳውም በዚያው ቀን ይጠረጋል፤ የተከማቸው አቧራ በመጀመሪያው ዝናብ ጭቃ ሆኖ ውሃውን ወደ ግድግዳው ይመልሰዋልና።

ሙቀት ሌላው የጣሪያ ጣጣ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከሰዓት በኋላ ከቆርቆሮው ሥር መቀመጥ ምጣድ ሥር እንደመቀመጥ ነው። ነጭ የቆርቆሮ ቀለም ፀሐይን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ቤቱን ያቀዘቅዛል፤ በህንድ አህመዳባድ ከተማ ይህንኑ ለድሆች ሰፈር የሙቀት መከላከያ አድርገው ይዘውታል። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ሙቅ አየር መውጫ ካገኘ ደግሞ የበለጠ ይቀላል፦ በሁለቱ የጎን ግንቦች ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ማስቀረትና በወንፊት ሽቦ መሸፈን በቂ ነው። ሽቦው ለአይጥ ብቻ አይደለም፤ ለወባ ትንኝም ነው። በኢትዮጵያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ያለ አካባቢ በአብዛኛው ለወባ የተጋለጠ ተብሎ ይቆጠራል፤ አዳማም፣ ባቱም፣ መተሐራም ከዚያ በታች ናቸው። በሊስቴሎ ክፈፍ ተሠርቶ ወንፊት ሽቦ የተወጠረበት የሚነቀል መስኮት ምናልባት ከዚህ ምዕራፍ ሥራዎች ሁሉ በትንሽ ገንዘብ ብዙ የሚጠቅመው ነው።

አሁን ወደ ስንጥቁ። የስምጥ ሸለቆ ነዋሪ ስለ ግድግዳ ስንጥቅ ከሌላው አገር ሰው የበለጠ ማወቅ ይገባዋል። የዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሁለት ጎኖች በዓመት 5 ሚሊሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ ከመሬት በታች ያለው ያ ዝግታ አንዳንዴ በድንገት ይፈታል። እ.ኤ.አ. በ1906 በላንጋኖ አካባቢ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሷል። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ ለወራት የዘለቀው ተከታታይ መንቀጥቀጥ ደግሞ የብዙዎች ትዝታ ነው፤ የካቲት 7 የተከሰተው 6.0 ያህል የተለካ ሲሆን፣ ከአዋሽና ከመተሐራ አካባቢ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተነስተዋል። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ሳይቀር መብራቱ ሲወዛወዝ አይቷል። ከዚያ በኋላ በየቤቱ የተጀመረው ጥያቄ አንድ ነበር፦ ይህ ስንጥቅ ድሮም ነበር ወይስ አሁን ነው የመጣው?

መልስ የሚሰጥ ርካሽ መሣሪያ አለ፤ አሮጌ ግንበኞች ያውቁታል። አንድ እፍኝ ጀሶ እንደ እርጎ እስኪወፍር በውሃ ይበጠበጣል። ስንጥቁን አቋርጦ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው ስስ ልጥፍ ይደረጋል። ከዚያ በፊት ግን ቀለሙ እስከ ልስኑ ድረስ መፋቅ አለበት፤ ጀሶው ቀለም ላይ ከተለጠፈ ከቀለሙ ጋር አብሮ ይንሸራተትና እውነቱን አይናገርም። ጀሶ ቶሎ ስለሚጠነክር ቶሎ ማጠናቀቅ ያስፈልጋል፤ ባልዲ ሙሉ የበጠበጠ ጀማሪ ባልዲ ሙሉ ድንጋይ ይተርፈዋል። ልጥፉ ሲደርቅ በእርሳስ ቀኑ ይጻፍበታል፦ ጥቅምት 12። ከዚያ ይተዋል። ጀሶ ተሰባሪ ስለሆነ ግድግዳው በፀጉር ያህል እንኳ ቢንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። አንድ ክረምትና አንድ በጋ አልፎት ያልተሰበረ ልጥፍ “ይህ ስንጥቅ አርፏል፣ ድፈነው” ይላል። በሁለት ወር የተሰበረ ልጥፍ ደግሞ የቤት ባለቤትን ሳይሆን መሐንዲስን ይጠራል።

ልጥፉን መጠበቅ የማያስፈልጋቸው ስንጥቆችም አሉ። የሳንቲም ጠርዝ የማያስገባ፣ መረብ መስሎ የተበተነ ስንጥቅ የልስኑ እንጂ የግንቡ አይደለም። ልስኑ በነፋስ ቶሎ ደርቆ የተኮማተረ ነው። በመስኮት ጥግ ተነስቶ በብሎኬቶቹ መጋጠሚያ ደረጃ በደረጃ የሚወርድ፣ አንዱ ጎኑ ከሌላው ወጣ ያለ፣ ወይም ከ5 ሚሊሜትር በላይ የሰፋ ስንጥቅ ግን ከመሠረቱ የመጣ ነው። በዚያ ላይ ስቱኮ መለጠፍ ለበሽተኛ ኩል እንደመኳል ነው። የአዳማና የዙሪያዋ አፈር ብዙው የእሳተ ገሞራ አመድና አሸዋ ስለሆነ ውሃ ሲገባው ወደ ታች ይሰጥማል። ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ ከመሠረቱ አጠገብ እንዳይተኛ ማድረግ ከማንኛውም ልስን በፊት የሚቀድመው ለዚህ ነው። ሁለት ስንዝር ጥልቀት ያለው ቦይ በቤቱ ዙሪያ ቆፍሮ፣ ከቤቱ የሚርቅበትን አቅጣጫ አስይዞ በሬድ አሽ መሙላት የአንድ ቀን የአካፋ ሥራ ነው። ቀዩ ጠጠር በአካባቢው ሞልቷል፤ እሱም ራሱ ከእሳተ ገሞራ የተተፋ ነው።

ያረፈው ስንጥቅ ሲደፈን ትልቁ ስህተት ላይ ላዩን መለሰን ነው። በመሮና በመዶሻ አፉ መስፋት አለበት፤ ወደ ውስጥ ጠበብ፣ ወደ ውጭ ሰፋ። አቧራው በብሩሽ ይጠረጋል፣ ቦታው ውሃ ይረጫል፣ ከዚያ አንድ ሲሚንቶ ለሦስት የተነፋ አሸዋ ይገባበታል። ኮለንና ብሎኬት የተጋጠሙበት መስመር ላይ የዶሮ ሽቦ ተቸንክሮ ቢለሰን ሁለቱ ለየብቻ ሲንቀሳቀሱ ልስኑን አይቀዱትም። ቀጥሎ ያለውን ሥራ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፤ አዳማ ላይ ደግሞ የሚያዋጣው እሱ ነው። ሲሚንቶ “ሲደርቅ” አይደለም የሚጠነክረው፤ ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ነው። ለልስን የሚሸጠው ፒፒሲ ሲሚንቶ ደግሞ ከኦፒሲ ቀስ ብሎ የሚጠነክር ነው። ነፋሱና ፀሐዩ ውሃውን በግማሽ ቀን ከነጠቁት የቀረው ዱቄት ነው፤ በጥፍር ሲፋቅ የሚራገፍ። ስለዚህ የተለሰነው ቦታ እርጥብ ጆንያ ለብሶ፣ ጠዋትና ማታ ውሃ እየተረጨበት ሳምንት ይቆያል።

በጭቃ ቤት ላይ ሲሚንቶ ከመለሰን መቆጠብ ይሻላል። ሲሚንቶው ግትር፣ ጭቃው ተንቀሳቃሽ ነው፤ ሁለቱ በሁለተኛው ክረምት ይለያያሉ፣ ልስኑም እንደ ዳቦ ቅርፊት ተገንጥሎ ይወድቃል። የጭቃ ቤት መድኃኒት ጭቃ ነው፦ ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ፣ ውሃ እየተጨመረበት ለቀናት የከረመ። የሚከርመው ጭዱ ለስልሶ ከአፈሩ ጋር እንዲያያዝ ነው። ጭዱ በልስን ውስጥ እንደ ፌሮ ነው፤ ጭቃው ሲደርቅና ሲኮማተር አንድ ትልቅ ስንጥቅ እንዳይከፈት በሺህ ቦታ ይይዘዋል። የባህር ዛፉ ቋሚ ከመሬት የሚገናኝበት ቦታ ምስጥ የሚገባበት በር ነው። በግድግዳው ላይ እንደ ሥር የተዘረጋ የአፈር መስመር ከታየ ተፍቆ፣ በምን በኩል እንደሚወጣ ይጠናል። አዲስ ቋሚ ሲገባ ደግሞ እግሩን በተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የቆየ ልማድ ነው፤ ይረዳል፣ ለዘለዓለም ግን አይደለም።

መጀመሪያ ላይ ከተገሸለጠው ቀለም ሥር ሲራገፍ ያየነው ያ ነጭ ዱቄት ጨው ነው። ውሃ ከመሬት ወደ ግድግዳው ሲወጣ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ጨው ይዞ ይወጣል፤ ውሃው ተንኖ ሲሄድ ጨው ይቀራል። የስምጥ ሸለቆ ውሃና አፈር በብዙ ቦታ ጨዋማ ነው። መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ እየሰፋ ሄዶ የድሮውን መንገድና ሐዲድ ያስለቀቀ ነው፣ ውሃውም ለመጠጥም ለመስኖም አይሆንም። እንዲህ ባለ ውሃ የተቦካ ልስን ከነበሽታው ይወለዳል። ጨው የወጣበት ግድግዳ በውሃ አይታጠብም፤ ውሃው መልሶ ያሟሟውና ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። በደረቅ ብሩሽ ተጠርጎ፣ የወደቀው ዱቄት ተሰብስቦ ከቤት ይወጣል። ለሳምንታት ደጋግሞ እስኪያቆም ድረስ።

ኖራ ለእንቁጣጣሽ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ኖራ ልባስ አይደለም፤ ግድግዳውን ሳያፍን ይተነፍሳል። እንዲያውም እርጥብ ግድግዳ ይወዳል፣ ምክንያቱም የሚጠነክረው ቀስ ብሎ፣ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ተመልሶ ወደ ኖራ ድንጋይ በመለወጥ ነው። የጳጉሜ ግድግዳ ለፕላስቲክ ቀለም ጠላት፣ ለኖራ ወዳጅ ነው። ያልበረደ ኖራ ሲበረድ ውሃው በርሜል ውስጥ ይቀድማል፣ ኖራው በጥቂት በጥቂቱ ይጨመርበታል፤ በተቃራኒው ከተደረገ ፈልቶ ይረጫል፣ ዓይንም ያጠፋል። መነጽር የሌለው ሰው ይህን ሥራ ባይሠራ ይመረጣል፤ ልጆችም ከግቢው ይወጣሉ። ዓይን ውስጥ ከገባ ሳይውል ሳያድር በብዙ ንጹሕ ውሃ ታጥቦ ሐኪም ቤት ይኬዳል። የበረደው ኖራ ጥቂት ቀን ተኝቶ፣ በአሮጌ ነጠላ ተጠልሎ፣ ወተት እስኪመስል ይቀጥናል፤ አንድ እፍኝ ጨው መጨመር እንዳይራገፍ ያግዘዋል። ሲቀባ ውሃ የመሰለ፣ ምንም ያልተሠራ ይመስላል። ጀማሪ በዚህ ተስፋ ቆርጦ ያወፍረዋል፤ የወፈረው ኖራ ደግሞ የነካውን ልብስ ሁሉ ያነጣል። ሦስት ወይም አራት ስስ እጅ ሲደራረብ ነው ንጣቱ በማግስቱ የሚወጣው። ቀድሞ ፕላስቲክ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ላይ ግን አይይዝም።

የላሜራው በር አጭር ነገር ነው፦ የብርጭቆ ወረቀት፣ ጸረ ዝገት፣ ዘይት ቀለም፣ በዚህ ቅደም ተከተል፣ ጠዋት ብረቱ ሳይግል። ከበሩ ሥር የሚገባው አቧራ ግን ከታኅሣሥ ጀምሮ ቤቱን በቀን ሁለቴ የሚያስጠርግ ነው። መፍትሔው ጎማ ሠሪ ዘንድ ወድቋል። አሮጌ ካላማዳሪ በበሩ ስፋት፣ በአራት ጣት ቁመት በመቀስ ይቆረጣል። በሩ ተዘግቶ ጎማው ወለሉን ነካ፣ ጥቂትም ጎንበስ እስኪል ይለካል፤ በላዩ ስስ የላሜራ ዘለላ ተደርቦ በአምስት ቪቴ ይጠብቃል። ያለ ላሜራው ከጠበቀ ጎማው በቪቴዎቹ ራስ ዙሪያ በወራት ይቀደዳል። የመኪና ካላማዳሪ ከብስክሌቱ ወፍራም ስለሆነ ለበር ይሻላል። ነፋሱ ሲነሳ በሩ ማፏጨት ካቆመ ልኩ ትክክል ነው።

የመብራት መስመር በዚህ ምዕራፍ የለም። የላላ ሶኬትም ቢሆን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይተዋል።

ጌጥ መጨረሻ ይመጣል፤ መምጣትም ያለበት መጨረሻ ነው። በስምጥ ሸለቆው ቤቶች ግድግዳ የሚያምረው ከሱቅ በሚገዛ ሥዕል ብቻ አይደለም። ባለቀለም ሰፌድ ሦስትና አራት ሆኖ በተለያየ ከፍታ ሲሰቀል፣ ከአያት የተረፈ በዛጎልና በጨሌ ያጌጠ የኦሮሞ ጮጮ በማዕዘን ሲቀመጥ ነጩ ኖራ ራሱ ክፈፍ ይሆናቸዋል። ከደጅ ደግሞ የአዳማ የኦሮምኛ ስም ከቁልቋል ጋር ይያያዛል፤ አዳሚ ቁልቋል ነውና። ቁልቋል በቆርቆሮ አጥር ሥር ውሃ ሳይለምን ያድጋል፣ የተቆረጠ ወተቱ ዓይንና ቆዳ እንዳይነካ እንጂ። ቡገንቪሊያም እንዲሁ ውሃ ብዙ አይጠይቅም።

የመስቀያው ሚስማር ግን የት ይመታ? በአካባቢው ከሚቆፈረው ቀላል የፑሚስ ጠጠር የሚሠራው ብሎኬት ሆዱ ባዶ ነው። ባዶው ላይ የተመታ ሚስማር ቀዳዳውን አፍርሶ ከነሰፌዱ ይወርዳል። ስለዚህ አስቀድሞ በጣት መገጣጠሚያ አንኳኩቶ ማዳመጥ ነው፤ ድምፁ እንደ ከበሮ ከጎላ ባዶ፣ ከታፈነ በሁለት ብሎኬት መካከል ያለው ሲሚንቶ ነው። ቀዳዳው እዚያ ተበስቶ ፊሸር ይገባበታል፣ ቪቴው በካቻቪቴ ይጠብቃል። በጭቃ ቤትም ማንኳኳቱ ያው ነው፤ እዚያ የሚፈለገው የታፈነው ድምፅ ሳይሆን ከምርጊቱ ጀርባ ያለው የባህር ዛፍ ቋሚ ነው፣ እሱም ሲገኝ ጠጠር ያለ፣ አጭር ድምፅ ይመልሳል።